አዲስ የሂሳብ መረጃ ሥርዓት ከመተከሉ በፊት አሮጌው መዝገብ ይጥራ

የበጀት ዓመቱ መዝጊያ በሚቃረብበት በሰኔ ወር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የፋይናንስ ክፍሎች የሚታየው ጥድፊያ ለሲቪል ሰርቫንቱ እንግዳ አይደለም። ያልተወራረደ የጉዞ አበል ይፈለጋል፤ የባንክ መግለጫ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ከዕቃ ግምጃ ቤት ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ይሰበሰባል። የሥራ ኃላፊውም ከበጀቱ ምን ያህል እንደቀረ በየቀኑ ይጠይቃል፤ የሚያገኘው መልስ ግን ከዕለት ወደ ዕለት ይለያያል።

በዚህ ወቅት በተደጋጋሚ የሚቀርበው መፍትሔ «አዲስ ሲስተም ይገዛ» የሚል ነው። ሐሳቡ በራሱ ስህተት የለበትም። በእጅ በሚጻፍ መዝገብ፣ እርስ በርሳቸው ባልተያያዙ የኤክሴል ሠንጠረዦች ወይም ዘመኑ ባለፈበት ፕሮግራም የሚሠራ መሥሪያ ቤት አንድ ቀን መለወጡ አይቀርም። ይሁን እንጂ ያልተወራረደን ሂሳብ የሚያወራርድ ወይም የጠፋን ሰነድ ፈልጎ የሚያመጣ ሲስተም እስካሁን አልተሠራም። አዲስ ሥርዓት ተክለው ከዓመት በኋላ ወደ አሮጌው መዝገብ ለማየት የሚገደዱ መሥሪያ ቤቶች ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከፕሮግራሙ ሳይሆን ፕሮግራሙ ከመምጣቱ በፊት መሠራት ሲገባው ካልተሠራው ሥራ ነው።

የሂሳብ መረጃ ሥርዓት ሲባል በኮምፒዩተር ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም ብቻ ማለት አይደለም። ክፍያን ማን ይጠይቃል፣ ማን ያጸድቃል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይመዘግባል፣ ማንስ ይመረምራል ለሚሉት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በሙሉ የሥርዓቱ አካል ነው። ሰነዱ፣ የሂሳብ መደቡ፣ የሚያዝበት ጊዜ፣ ለኃላፊው የሚቀርበው ሪፖርትና ሥራውን የሚሠራው ሰው አንድ ላይ ሆነው ሥርዓት ይባላሉ። ኮምፒዩተሩ ከእነዚህ መካከል አንዱ ነው፤ በገንዘብ ረገድ ውድ ቢሆንም ለመተካት ከሁሉም የሚቀለውም እርሱ ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን የራሷ ተሞክሮ አላት። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም አምስት ንዑሳን ፕሮግራሞች የነበሩት ሲሆን አንዱ የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ነበር። የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 57/1989 እና ደንብ ቁጥር 17/1989 ሕጋዊ መሠረቱን ሲጥሉ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ያልተማከለ አስተዳደር ድጋፍ ፕሮጀክት ደግሞ ለአሥር ዓመት ያህል የቴክኒክ እገዛ አድርጓል። በዚያ ሥራ የበጀት አመዳደቡና የሂሳብ መደቦቹ ተሻሽለዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በፌዴራል ደረጃ ከነጠላ የሂሳብ አመዘጋገብ ወደ ሁለትዮሽ አመዘጋገብና ወደ ተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ሂሳብ አያያዝ ተሸጋግሯል። ክልሎች የገቡበትም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ነበር። በኋላ አይቤክስ በሚል ስም የታወቀው የበጀትና የወጪ መረጃ ሥርዓት ከዚህ ሥራ የተወለደ ነው።

ፕሮጀክቱን የመሩት ስቲቨን ፒተርሰን በኋላ ባሳተሟቸው ጽሑፎች አጥብቀው ያነሱት ነጥብ ነባሩን አሠራር ሙሉ በሙሉ አፍርሶ ከመነሳት ይልቅ የሚሠራውን ለይቶ ማሻሻልና ማጽናት እንደሚሻል ነው። ኮምፒዩተሩ ከአሠራሩ ጋር እኩል ተራመደ እንጂ ቀድሞት አልሄደም።

የአመዘጋገቡ ለውጥ ምን እንዳስገኘ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ባለሙያ ለመስክ ሥራ 12 ሺህ ብር በቅድሚያ ወሰደ እንበል። በነጠላ አመዘጋገብ ገንዘቡ ከካዝና መውጣቱ ይታያል፤ ባለሙያው ዕዳ እንዳለበት የሚናገረው ግን በሌላ ደብተር የተያዘ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው ከተረሳ ዕዳውም ይረሳል። በሁለትዮሽ አመዘጋገብ ያው 12 ሺህ ብር በአንድ በኩል ከባንክ ሂሳብ ሲቀነስ በሌላ በኩል በባለሙያው ስም በተሰብሳቢ ሂሳብ ይያዛል። ባለሙያው ተመልሶ ለ10 ሺህ 500 ብር ማስረጃ ሲያቀርብና 1 ሺህ 500 ብር ተመላሽ ሲያደርግ ተሰብሳቢው ይዘጋል፤ 10 ሺህ 500 ብሩም በሂሳብ መደብ 6231 የውሎ አበል ወጪ ይሆናል። ማስረጃውን ካላቀረበ ግን ስሙ ከየወሩ ሪፖርት አይወጣም። ይህ ሁሉ በብዕርና በወረቀት ሊሠራ የሚችል ነው። ኮምፒዩተሩ የሚጨምረው ፍጥነትን ነው፤ አሠራሩ የተበላሸ ከሆነም ብልሽቱን ያፈጥነዋል።

ስለዚህ አዲስ ሥርዓት ያቀደ መሥሪያ ቤት ጨረታ ከማውጣቱ በፊት አሁን ያለውን አሠራር በወረቀት ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ይህን ለማድረግ ቀላሉ ዘዴ አንድ የክፍያ ጥያቄን ከተነሳበት ጠረጴዛ ጀምሮ ቼክ እስኪጻፍለትና በፋይል እስኪቀመጥ ድረስ እግር በእግር መከተል ነው። መመዝገብ ያለበት መመሪያው የሚለው ሳይሆን በተግባር የሚደረገው ነው። በመመሪያው አራት ፊርማ የሚጠይቅ ሰነድ በተግባር ሰባት ጠረጴዛ ዞሮ፣ ከሰባቱ አራቱ የሚያዩት ነገር ሳይኖር እንደሚፈርሙ ሊታወቅ ይችላል። በአንጻሩ አንድ አንጋፋ ሂሳብ ሠራተኛ በማንም ሳይታዘዝ በግል ደብተሩ የሚይዘው ዝርዝር የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ አስተማማኝ መረጃ ሆኖ ይገኛል። ያ ደብተር ምን እንደያዘና ለምን እንዳስፈለገ ሳይጠየቅ የሚገዛ ሲስተም ደብተሩን አያስቀረውም።

የሥራው ባለቤት ማን ይሁን የሚለውም በዕቅዱ መጀመሪያ ሊወሰን ይገባል። በብዙ ቦታ ሥራው ለመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሉ ይሰጥና የፋይናንስ ክፍሉ በመጨረሻ ለሥልጠና ይጠራል። ይህ አካሄድ የተገላቢጦሽ ነው። የቴክኖሎጂ ባለሙያው ሰርቨሩን፣ ኔትወርኩንና የመረጃ ደህንነቱን ይመልከት፤ አንድ ግዴታ መቼ ወጪ ተብሎ እንደሚያዝ የሚወስነው ግን የፋይናንስ ኃላፊው ነው። ከእርሱ ጋር የግዥ፣ የሰው ሀብት፣ የንብረት አስተዳደርና የውስጥ ኦዲት ተወካዮች ሊቀመጡ ይገባል። የውስጥ ኦዲተሩ ከመነሻው ሲገኝ የቁጥጥር ነጥቦቹን ያመለክታል እንጂ በውሳኔው ውስጥ አይፈርምም፤ በኋላ የሚመረምረው ያንኑ ሥራ ነውና።

የበጀት መሥሪያ ቤቶችና የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ፍላጎት አንድ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። የልማት ድርጅቶች በፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን የመከተል ግዴታ ስላለባቸው የቋሚ ንብረት እርጅናንና የተጠራቀመ ዕዳን የሚያሳይ ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። የበጀት መሥሪያ ቤት ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ከተፈቀደው በጀት በላይ እንዳይወጣ አስቀድሞ የሚያግድ ሥርዓት ነው።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ሲስተሙን ከአሠራሩ ጋር ማስማማት ነው ወይስ አሠራሩን ከሲስተሙ ጋር የሚለው ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት የደረሰበት ሁኔታ በየትኛውም አገር ያለ የሥራ ኃላፊ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ምክር ቤቱ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ሲገለገልበት የነበረውን ሳፕ የተባለ ሥርዓት በኦራክል ለመተካት በመነሻው 19 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ይዞ ተነሳ። መጀመሪያ የታሰበው አሠራሩን ከአዲሱ ሲስተም ጋር ለማስማማት ነበር፤ በሂደት ግን ሲስተሙን ለነባሩ አሠራር እንዲመች መቀየር ተመረጠ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ሥራ ሲጀምር ለምክር ቤቱ ተብሎ የተቀየረው የባንክ ማስታረቂያ ክፍል በአግባቡ አልሠራም። የገባው ገንዘብ ከየትኛው ሂሳብ ጋር እንደሚገናኝ ሠራተኞች በእጅ መለየት ግድ ሆነባቸው፤ የምክር ቤቱን ትክክለኛ የገንዘብ አቋም ማወቅም አዳጋች ሆነ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ከአስፈላጊ አገልግሎት ውጪ አዲስ ወጪ የሚያግደውን ማስታወቂያ ሲያወጣ ዋነኛው ምክንያት የእኩል ክፍያ የካሳ ጥያቄ ቢሆንም የኦራክሉ ጉዳይም አብሮ ተጠቅሷል። የማስተካከያው ወጪም በኋላ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚደርስ ተገምቷል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ምንም አትቀይሩ» የሚል አይደለም። የእኛ አገር መሥሪያ ቤት ከውጭ በሚመጣ ፕሮግራም ላይ ማስቀየር የሚገባው ነገር አለ፤ አንደኛው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይህ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ማለት ነው፤ የወሮቻችንና የፈረንጆቹ ወሮች መጀመሪያም አይገጥምም። በዚያ ላይ የበጀት ዓመቱ ስም በመስከረም ከሚለወጠው ዓመተ ምሕረት ይቀድማል። የ2017 በጀት ዓመት የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜንም አለች። በ2015 ዓ.ም. 6 ቀን ነበረች፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5 ቀን። በእነዚህ ቀናት የተፈጸመ ክፍያ በየትኛው ወር ሪፖርት ውስጥ እንደሚገባ በጽሑፍ ያልተወሰነ እንደሆነ አንዱ ሠራተኛ ከነሐሴ፣ ሌላው ከመስከረም ጋር ይደምረዋል። የውጭ እርዳታ ያለበት ፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ ለለጋሹ የሚቀርበው ሪፖርት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሚፈለግ ሁለቱም ቀኖች በሰነዱ ላይ መኖር አለባቸው። እንዲህ ያለው ፍላጎት በጨረታ ሰነዱ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ በኋላ «ተጨማሪ ሥራ» ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ይጠየቅበታል።

የሂሳብ መደቦቹም እንዲሁ ናቸው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6212 የጽሕፈት መሣሪያ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት መሆኑን ሂሳብ ሠራተኛው ለዓመታት በቃሉ ሲያውቀው ቆይቷል። አቅራቢው ይዞት የመጣው መደብ ለአሠራሩ ስለሚመቸው ብቻ ይህን መለወጥ የኋላ ዓመታትን መረጃ ከአዲሱ ጋር ለማነጻጸር እንዳይቻል ያደርጋል። በአንጻሩ «ከድሮ ጀምሮ በሰባት ጠረጴዛ ስለሚዞር ሲስተሙም ሰባት ማጽደቂያ ይኑረው» የሚለው ጥያቄ ውድቅ ሊሆን ይገባል። ሕግ፣ የዘመን አቆጣጠርና የጋራ የሂሳብ መደብ ሲስተሙ የሚከተላቸው ናቸው፤ ልማድ ግን ለሲስተሙ ቢለቅ ጉዳት የለውም።

ሆኖም ሥራው ሁሉ የሚፈተነው ነባሩን መረጃ ወደ አዲሱ ቋት በማዛወር ላይ ነው። ዕቅድ አውጪዎች ለዚህ ሥራ ሁለት ሳምንት ሲመድቡ ይታያል፤ ወራት የሚወስድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲሱ ሥርዓት በመጀመሪያው ቀን የሚፈልገው የዞረ ሂሳብ ነው። በባንክ ስንት አለ፣ ማን ስንት ዕዳ አለበት፣ መሥሪያ ቤቱስ ለማን ስንት ይከፍላል ለሚሉት መልስ ያስፈልጋል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ በሚያቀርበው ሪፖርት ውስጥ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብና ያልተከፈለ ተከፋይ ሂሳብ በተደጋጋሚ የሚነሱ ግኝቶች ናቸው። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ስም፣ ስሙ የተለወጠ መሥሪያ ቤት፣ ውሉ ከተቋረጠ ዓመታት ያስቆጠረ ተቋራጭ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከዝርዝሩም በላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ በጅምላ የተያዘ፣ ዝርዝሩ ከጠቅላላ ድምሩ ጋር የማይገጥም ሂሳብ ይገኛል።

እዚህ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ስህተት ድምሩን እንዳለ በአንድ ቁጥር ወደ አዲሱ ሥርዓት ማስገባት ነው። ቁጥሩ ይገባል፤ ሚዛኑም ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ግን አዲሱ ሥርዓት የአሮጌውን ዕዳ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ለዘላለም ይሸከማል። ተገቢው አካሄድ እያንዳንዱን ተሰብሳቢ በስም፣ በቀንና በማስረጃ ለይቶ ሊሰበሰብ የሚችለውን መሰብሰብ፣ ማስረጃ የሌለውን ለብቻው መዝግቦ መያዝ፣ መሰረዝ ያለበትንም ሕጉ ሥልጣን ለሰጠው አካል አቅርቦ ማስወሰን ነው። ይህ ሥራ ኃላፊዎችን የሚያስኮርፍ ሊሆን ይችላል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ስማቸው የሚገኝ አለና። ቢሆንም ከሲስተሙ መምጣት በፊት ያልተሠራ እንደሆነ በኋላ የሚሠራው አይገኝም።

የአቅራቢዎችና የሠራተኞች ስም ዝርዝርም የራሱ ጣጣ አለው። በፊደላችን «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ እንዲሁም «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በድምፅ አንድ ሆነው በቅርጽ ይለያያሉ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢው አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት። አንድ አቅራቢ በሁለት ፊደል ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ አንድን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ለመክፈል በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ መለያው ስም ሳይሆን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መሆን ይኖርበታል፤ ለሠራተኛም የመታወቂያ ቁጥር። የአጻጻፍ ጉዳይ ለሰዋስው መምህራን ብቻ የሚተው የሚመስለው ካለ አንድ ቀን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ያመሳክር።

የመጀመሪያው ቀን መቼ ይሁን ቢባል ሐምሌ 1 ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው፤ አዲስ በጀት በአዲስ መዝገብ ይጀምራልና። ችግሩ በዚያው ሳምንት ያንኑ ሠራተኛ የሰኔ መዝጊያ የሚጠብቀው መሆኑ ነው። በመሆኑም ሙከራው በሚያዝያና በግንቦት በእውነተኛ ሰነድ ቢካሄድ፣ አዲሱ ሥርዓት ሐምሌ 1 ቀን ቢጀምር፣ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን እስከ መስከረም መጨረሻ ማለትም እስከ ሩብ ዓመቱ ቢዘልቅ የሚመረጥ ይሆናል። አንዱን ሰነድ ሁለት ጊዜ መመዝገብ አሰልቺ ነው። ለዚያ ጊዜ ተጨማሪ ሰው ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያልተያዘለት ዕቅድ ሠራተኛው አንዱን መዝገብ ችላ እንዲል ያስገድደዋል፤ ችላ የሚለውም አዲሱን ነው።

ሥልጠናን በተመለከተ ለሦስት ቀን በአዳራሽ የሚሰጥ ገለጻ አይበቃም። ሰልጣኙ በራሱ ጠረጴዛ፣ በራሱ ሰነድ ሊሠራ ይገባል። መመሪያ መጽሐፉም በሥራ ቋንቋው ይዘጋጅለት። የሠለጠነ ሂሳብ ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ ወደሚገኝበት ባንክ ወይም ድርጅት መሄዱ የታወቀ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሰው ማዘጋጀት ያስፈልጋል። መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ ክፍያ በምን አኳኋን እንደሚቀጥልና በኋላ እንዴት እንደሚመዘገብ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። የመጠባበቂያ ቅጂው ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

የይለፍ ቃል ጉዳይ ቀላል መስሎ የሚታይ ከባድ ነገር ነው። የሚያጸድቀው ኃላፊ ስብሰባ ሲበዛበት የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊው ወይም ለሂሳብ ሠራተኛው ይሰጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠያቂውም፣ አጽዳቂውም፣ መዝጋቢውም አንድ ሰው ነው፤ ሲስተሙ ግን ሦስት ሰው እንደሠራው አድርጎ ይመሰክራል። ጉድለት ሲገኝ ተጠያቂ የሚሆነው በስሙ የተመዘገበበት ነው።

ሲስተሙ ራሱ ቢሳሳትስ? በብሪታንያ ፖስታ ቤት ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ የተዘረጋው ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሥርዓት በየቅርንጫፉ ያልነበረ የገንዘብ ጉድለት ያሳይ ነበር። የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ገንዘቡን አለመውሰዳቸውን ቢናገሩም ኮምፒዩተሩ ታመነ። ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሂሳብን በሐሰት በመያዝ ጥፋተኛ ተባሉ፤ የታሰሩም፣ ንብረታቸውን ያጡም አሉ። የሥርዓቱን ጉድለት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ሲሆን ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሻረበት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ነው። አንድ ገንዘብ ያዥ ከእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከስክሪኑ ጋር አልገጥም ሲለው የሚያመለክትበት፣ አቤቱታውም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመረመር የሚደነግግ አሠራር አብሮ ሊዘረጋ ይገባል። ሲስተሙን የሸጠው ድርጅት መረጃን ከኋላ ገብቶ መለወጥ ይችል እንደሆነ፣ ከቻለም በማን ፈቃድና በምን ምዝገባ እንደሆነ በውሉ ላይ ይስፈር። መረጃው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት መሆኑና ውሉ ሲያበቃ በሚነበብ መልክ እንደሚመለስም እንዲሁ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና የሐምሌ ወር የባንክ ማስታረቂያ ነው። አዘጋጁና መርማሪው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይፈርሙበታል፤ ልዩነት ካለ ልዩነቱ በቼክ ቁጥርና በቀን ተዘርዝሮ ይያያዛል። የነሐሴና የጳጉሜን፣ ከዚያም የመስከረም ይከተላሉ። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የአሮጌውና የአዲሱ የሙከራ ሚዛን እኩል ከመጣ አሮጌው መዝገብ በኃላፊዎች ፊርማ ተዘግቶ ለኦዲት ይቀመጣል። እኩል ካልመጣ ግን አቅራቢው የመጨረሻ ክፍያውን ሳይወስድ ጎን ለጎን የማስኬዱ ሥራ በጥቅምትም ይቀጥላል።